ክላረንስ በርድዛይና ስሱ እሽግ

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በአርሲ ደጋ ውርጭ ይወርዳል። ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ከተራሮቹ ማዶ በምትገኘው በሮቤ አካባቢ ማታ የታለበ ወተት ጠዋት ሳይኮመጥጥ ቢገኝ የሚደነቅ ሰው የለም። ያው ወተት ግን ለፋሲካ ይቀመጥ ቢባል የሚሞክረው አይገኝም፤ ተንጦ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራውም ለአይብ ይጣዳል። ብርዱ አለ፣ ወተቱም አለ። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ሙቀትን ከምግቡ ውስጥ ፈጥኖ የሚያወጣ መንገድ፣ ሁለተኛው ቅዝቃዜውን እስከ ሸማቹ ደጅ ድረስ ሳያቋርጥ የሚያደርስ ሰንሰለት። ዛሬ በየአገሩ ፋብሪካዎች የተፈጨ ቆስጣ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ድልህ፣ የእርጎና የአይብ እርሾ ሳይቀር በእንክብልና በትንንሽ ጡብ ቅርጽ በረዶ እየሆነ ይወጣል። ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች ዋነኛው እነዚህን ሁለት ጉድለቶች በየተራ የተጋፈጠው አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዛይ ነበር።

በርድዛይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዲሴምበር 9 ቀን 1886 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። መሐንዲስ ነው ብሎ ማኅበራችን በአባልነት ሊቀበለው የሚችል ሰው አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስደስተው አውሬና አዕዋፍ ማጥናት ነበር፤ በአምኸርስት ኮሌጅም የተመዘገበው ሥነ ሕይወት ለመማር ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያጥረው እንቁራሪት እየያዘ ለእባቦች ቀለብ ለእንስሳት መጠበቂያ፣ አይጥ እየያዘ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይሸጥ እንደነበር ይነገራል። ገንዘቡ ግን አልበቃም፤ ዲግሪውን ሳይዝ ወጣ።

ከዚያም በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሥር በደቡብ ምዕራብ ግዛቶች የዱር እንስሳት ጥናት ረዳት ሆነ። በ1910 እና በ1911 በሞንታና ሸለቆዎች፣ ሰው በሚገድል ትኩሳት ምርምር ውስጥ፣ በሽታውን የሚያስተላልፈውን መዥገር ከእንስሳት ላይ እየለቀመ ያቀርብ ነበር። ሥራው አደገኛና ደመወዙ ትንሽ ነበር። በ1912 የቀበሮ ቆዳ ንግድ ያዋጣል የሚል ተስፋ ይዞ ወደ ላብራዶር ተሻገረ። ላብራዶር በሰሜን አሜሪካ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ፣ ባሕሩ በክረምት በረዶ የሚሆንበት አገር ነው። በ1915 ኤሊኖር ጋረትን አግብቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ከእርሷና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ወደዚያው ብርድ ተመለሰ።

የበርድዛይ ዕውቀት የበቀለው በዚህ ስፍራ ነው። የአገሩ ተወላጆች ኢኑዊቶች በረዶውን ሸንቁረው ዓሣ ሲያወጡ፣ ዓሣው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርሰው ነፋስ (በዚህ ነጥብ ሴንቲግሬድና ፋራናይት አንድ ይሆናሉ) ወዲያው እንደ እንጨት ይደርቅ ነበር። ከወራት በኋላ በረዶው ሲሟሟ ሥጋው አዲስ የተያዘ ይመስላል። ብርዱ ለዘብ ባለበት ወቅት በረዶ የሆነው ሥጋ ግን ሲቀልጥ ይልሞሰሞሳል፤ ውኃው ይፈስሳል፤ ጣዕሙም ይጠፋል። ኢኑዊቶቹ ይህን ከአባቶቻቸው የወረሱት ጥበብ ነበር፤ የበርድዛይ ድርሻ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። በጀልባ የመጣ ጎመን በበርሜል ውስጥ በባሕር ውኃ እየደራረበ በብርዱ አጠንክሮ ለቤተሰቡ የክረምት ቀለብ እንዳደረገም ይነገራል።

ምክንያቱ ለሙያው ሰዎች እንግዳ ባይሆንም ማስታወሱ አይከፋም። አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በዜሮ ዲግሪ ላይ እንዳለ በረዶ ለማድረግ 334 ኪሎጁል ሙቀት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያው ውኃ ከ80 ዲግሪ እስከ ዜሮ ሲቀዘቅዝ የሚለቀውን ያህል ማለት ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ውኃ አብዛኛው በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ነው። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ከወጣ በዚህ ክልል ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጥቂት የበረዶ ቅንጣቶችም እየገዘፉ የሕዋሱን ግድግዳ ይቀዳሉ። ሙቀቱ በፍጥነት ከወጣ ግን እልፍ ረቂቅ ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ፤ ሕዋሱ ብዙም ሳይጎዳ ይቀራል።

በርድዛይ በላብራዶር ቀበሮ ሲያሳድድ፣ በጀርመን አገር ሩዶልፍ ፕላንክ በ1913 ይህንኑ ጉዳይ በሒሳብ ቀመር አስቀምጦት ነበር። በፕላንክ ስሌት መሠረት በረዶ የመሆኛው ጊዜ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከገጹ ሙቀት ለመውሰድ የሚያስፈልገው ክፍል ከውፍረቱ ጋር፣ ከመካከሉ እስከ ገጹ ሙቀት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ደግሞ ከውፍረቱ እጥፍ ብዜት (በራሱ ከተባዛው ውፍረት) ጋር ያድጋል። አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ሁለተኛው ክፍል በ25 ጊዜ ያንሳል። ሰሌዳው በሁለት ገጹ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ውፍረት በእንክብል ቅርጽ ቢደረግ ጊዜው በሙሉ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። የዛሬዎቹ እንክብሎችና ጡቦች ለዓይን ማማሪያ የተደረጉ የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት ያላየ ነው። በርድዛይ የፕላንክን ቀመር ይወቅ አይወቅ፣ ከኢኑዊቶቹ የተማረው ነገር ወደዚያው ውጤት አደረሰው፤ ብርዱን ከማበርታት ይልቅ ምግቡን ማሳሳት።

በ1917 ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለዓሣ አምራቾች ማኅበር ሲሠራ፣ ከወደብ ወደ ከተማ የሚላከው ዓሣ ምን ያህል እንደሚበላሽ በዓይኑ አየ። ዓሣን በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ነክሮ በረዶ ማድረግ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዴንማርካዊው ኦተሰን ቀድሞታል። በርድዛይ ግን የሚታሸገውን ዓሣ አጥንቱን አውጥቶ በስስ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ማድረግን አሰበ። የመጀመሪያ ሙከራው የአንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ የጨው ውኃና የበረዶ ዋጋ፣ ሰባት ዶላር ብቻ እንደፈጀ ይወራል። በ1923 በኒውዮርክ የዓሣ ገበያ አጠገብ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት ከሰረ።

የከሰረበት ምክንያት ሊጤን ይገባል። ዓሣው ደግ ነበር፤ ነገር ግን በባለሱቁ ዘንድ በረዶ ማቆያ ሳጥን የለም፣ በባቡሩ ላይ የሚመጥን ፉርጎ የለም፣ ሸማቹም በረዶ የሆነ ዓሣ የሚያውቀው ተበላሽቶ ነው። ከዓመታት በኋላ በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ከገበሬው ወተት መሰብሰብ ሲጀምር የገጠመው ፈተናም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ላም ማሻሻል አንድ ነገር ነው፤ በዝናብ ወራት መንገዱ ጭቃ በሆነበት፣ በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው በሚቀንስበት አገር፣ ወተቱን ሳይበላሽ ማቆየት ሌላ ነገር ነው።

በርድዛይ ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ማሳቹሴትስ የዓሣ ወደብ ወደ ግሎስተር ተዛውሮ፣ ገንዘብ ያዋጡ ባልደረቦች አግኝቶ፣ ጀነራል ሲፉድስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ስሙን ያስጠራው መኪና የተሠራው በ1925 እዚህ ነው። ሁለት የብረት ቀበቶዎች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ይዞራሉ፤ የታሸገው ዓሣ በመካከላቸው ተጨምቆ ይጓዛል፤ በቀበቶዎቹ ውጭ በኩል ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ የካልሲየም ክሎራይድ ጨው ውኃ ይረጫል። ጨዉ ምግቡን አይነካም፤ ሙቀቱ በሁለቱም ገጽ ይወጣል፤ ቅርጹም በጭመቃው ይጠበቃል። ይህ መኪና እጅግ ከባድ ስለነበረ ቆየት ብሎ በምትኩ በውስጣቸው አሞኒያ እየተነነ የሚያቀዘቅዛቸውን ጠፍጣፋ ባዶ ብረቶች ደራርቦ፣ እሽጎቹን በመካከላቸው የሚጨምቅ ሌላ መኪና ሠራ። ለዘዴው በ1927 ያቀረበው የፈጠራ መብት ጥያቄ በኦገስት 1930 ጸደቀለት። በቅርጽ የተቦረቦረ ቀበቶ ላይ ፈሳሽ ወይም ድቁስ አፍስሶ በየጉድጓዱ የማጠንከር የዛሬው ሥራ የዚህ አሳብ ተከታይ ነው። ፈሳሹን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚፈላ ናይትሮጅን ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ የተስፋፋ ሌላ መንገድ ነው።

በ1929 ፖስተም የተባለው ኩባንያ ከጎልድማን ሳክስ ጋር ሆኖ ድርጅቱንና የፈጠራ መብቶቹን በ22 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ጀነራል ፉድስ የሚለውም ስም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ስሙ በሁለት ተከፍሎ፣ በቋንቋቸው የወፍ ዓይን የሚል ትርጉም ይዞ፣ የንግድ ምልክት ሆነ። ያው ዓመት የታላቁ የገንዘብ ውድቀት ዓመት መሆኑን ላስታወሰ፣ ሽያጩ በወራት ቢዘገይ ኖሮ የዚህ ሰው ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ማርች 6 ቀን 1930 በስፕሪንግፊልድ ከተማ 18 መደብሮች ውስጥ በረዶ የሆነ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አተርና እንጆሪ ለሽያጭ ቀረበ።

ይሁንና ሁለተኛው ጉድለት ያን ጊዜም አልተሞላም። የመደብር ማቆያ ሳጥን ውድ ነበር፤ በ1934 ርካሽ ሳጥን በብዛት እንዲሠራ ውል እስኪገባ ድረስ ባለሱቆች ያመነቱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለጦር ሥራ ተፈልጎ የታሸገ ምግብ ሲያንስ ገበያው ወደ በረዶ ምግብ አዘነበለ። ሙቀት የማያስገቡ የባቡር ፉርጎዎች በኪራይ የተሰማሩት በ1944 ነው። መኪናው ከተሠራ እስከዚያ 19 ዓመት አለፈ። በ1953 ደግሞ የዓሣ ሥጋ በትልቅ ጡብ መልክ በረዶ ሆኖ በመጋዝ እየተቆረጠ፣ በዱቄት ተለውሶ፣ የጣት ቅርጽ ይዞ በአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ሀብታም የሆነው በርድዛይ ዕረፍት አልፈለገም። ብርሃን የሚያንጸባርቁና ሙቀት የሚሰጡ አምፖሎች ሠራ፤ የዓሣ ነባሪ መውጊያ ፈለሰፈ፤ በ1940ዎቹም ምግብን ፈጥኖ ማድረቅን አጠና። በዚያም ሥራ የተከተለው የፊተኛውን መንገድ ነው፤ ምግቡን ማሳሳትና ሙቀትን ፈጥኖ ማዘዋወር፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። በ1953 ወደ ፔሩ ሄዶ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ ወረቀት በማውጣት ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ከተመለሰ በኋላ ኦክቶበር 7 ቀን 1956 በልብ ሕመም በኒውዮርክ ሞተ። ዕድሜው 69 ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የብረት ቀበቶዎቹ በዞሩበት ወደብ በግሎስተር ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተበተነ።