ስሕተቱን ያልሸሸገ ሐኪም

ኢግናስ ሴሜልቫይስ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. ዛሬ ቡዳፔስት በምትባለው የሁንጋርያ ከተማ ተወለደ። ትምህርቱንም ከፈጸመ በኋላ በ1846 ዓ.ም. በኦስትርያ አገር፥ በቪየና ከተማ ባለው ትልቅ ሆስፒታል የወላዶች ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

በዚያ ሆስፒታል የወላዶች ቤት በሁለት ክፍል የተከፈለ ነበረ። በአንደኛው ክፍል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሮች፥ በሁለተኛው ክፍል አዋላጆች ይሠሩ ነበር። ሐኪሞች በሚሠሩበት ክፍል ግን የአራስ ትኩሳት ብዙ እናቶችን ይገድል ነበርና፥ ምስኪኖች ሴቶች ወደዚያ እንዳያገቧቸው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ሴሜልቫይስም ይህን አይቶ እጅግ አዘነ፤ ምክንያቱንም ዘወትር ይመረምር ነበር።

በ1847 ዓ.ም. ኮሌችካ የሚባል ወዳጁ በአስከሬን ምርመራ ጊዜ ጣቱን በቢላዋ ተወግቶ ታመመና ሞተ። በሽታውም የአራሶቹን በሽታ ይመስል ነበር። ሴሜልቫይስ በዚህ ጊዜ ነገሩን አስተዋለ። ሐኪሞቹና ተማሮቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይዳስሱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም ነበር። እንግዲህ ሞትን ወደ እናቶች ያደረሰው የሐኪሞች እጅ ነበረ። እርሱም አስከሬን አዘውትሮ ይመረምር ነበርና፥ የእርሱ እጅ ከዚህ ነገር ንጹሕ አልነበረም።

ይህ ለልቡ መራራ ሆነ። ዝም ቢል የሚከሰው አልነበረም፤ ዝም ቢል ግን ሌሎች እናቶች ደግሞ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎር ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በሰኔ ወር ግን የሞቱት ከ100 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ደግሞ መግል የሚወጣው ክፉ ደዌ ያለባት አንዲት ሴት ገባች። ከእርስዋ በኋላ ሐኪሞቹ በሳሙና ብቻ ታጥበው ከዳሰሷቸው 12 ወላዶች 11 ሞቱ። ሴሜልቫይስ ይህንንም አልሸሸገም። በሽታው ከሕያው ሰውም እንደሚተላለፍ ተረድቶ፥ ከእያንዳንዷ ሴት በኋላ እጅ በክሎር ውሃ እንዲታጠብ ትእዛዙን አረመ።

በ1861 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በእርሱ ምክንያት ያለ ጊዜያቸው የሞቱትን እናቶች ቍጥር እግዚአብሔር ብቻ እንደሚያውቅ ገልጦ ጻፈ። ብዙ ሐኪሞች ግን በደላቸውን ማመን አፈሩና ትምህርቱን ናቁ፤ እርሱም በብርቱ ቃል ስለ ገሠጻቸው ይልቁን ጠሉት። በ1865 ዓ.ም. በ47 ዓመቱ ሳይከበር ሞተ። በኋላ ግን በ1879 ዓ.ም. ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ የአራስ ትኩሳትን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሕዋስ አሳየ፤ የሴሜልቫይስም ሥራ እውነት እንደ ነበረ ታወቀ።

ልጆች ሆይ፥ በሽተኛ ሰውነቱን አምኖ ለሐኪም ይሰጣል፤ ስለዚህ ሥራው በተበላሸ ጊዜ እውነቱ ሊነገረው ይገባል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ ስሕተቱን የሸሸገ ሐኪም ደግሞ ለሚመጣው በሽተኛ መድኃኒት አያገኝለትም።