የአንጎል ሐኪሙ የሃርቪ ኩሺንግ የሕይወት ታሪክ

በእኛ በመተማ ቆላ አንድ ሰው ከዛፍ ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ ራሱን ሲስት፤ ዘመድ ሁሉ የሚጨነቀው ይነቃ ይሆን ወይ እያለ ነው። የተሰበረ እጅና እግር ወጌሻ ያሸዋል፤ በራስ ቅል ውስጥ የተሸሸገውን አንጎል ግን ማን ይዳስሰዋል? ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የታወቁት የኤውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች እንኳ የራስ ቅል ከፍቶ መሥራትን ይፈሩ ነበር፤ ብዙዎቹ በሽተኞች ይሞቱባቸው ነበርና። ይህን ፍርሃት ካስወገዱት ሰዎች ዋነኛው ሃርቪ ኩሺንግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩሺንግ አፕሪል 8 ቀን 1869 በአሜሪካ አገር፤ ክሊቭላንድ በተባለች ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱም አያቱም ሐኪሞች ነበሩ። በ1891 ከየል ዩኒቨርሲቲ፤ በ1895 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ።

ገና ተማሪ ሳለ አንድ በሽተኛ በኤተር እንዲያደነዝዝ ታዘዘ፤ በሽተኛውም በእጁ ላይ ሞተ። ኩሺንግ እጅግ ስላዘነ ትምህርቱን ለመተው አስቦ ነበር። ነገር ግን ከመሸሽ ይልቅ ምክንያቱን መፈለግን መረጠ። ከጓደኛው ከኮድማን ጋራ ሆኖ፤ የደነዘዘው ሰው የልብ ትርታና አተነፋፈስ በየጊዜው የሚመዘገብበትን ሠንጠረዥ አዘጋጀ። በ1901ም የደም ግፊት መለኪያ መሣሪያን ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ ይዞ ገባ። ይህ እየለኩ የመመዝገብ ልማድ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልተለየውም።

በኤውሮፓ በነበረበት ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር መርምሮ አስረዳ። የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ስለዚህ ውስጡ ደም ሲቋጥር ወይም ዕጢ ሲያድግ አንጎል ይጨመቃል፤ ደምም እንደ ልብ አይደርሰውም። ያን ጊዜ ሰውነት ደሙን በግድ ለማድረስ ሲታገል የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የልብ ትርታ ግን ይዘገያል። ዛሬም ሐኪሞች ራሱን የተመታ ሰው ሲመጣ ይህን ምልክት ይጠባበቃሉ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፤ በ1917፤ በቤልጅግ ግንባር አንጎላቸው የቆሰለ ወታደሮችን ያክም ነበር። የጥይትና የቦምብ ስባሪ በማግኔት ያወጣ ነበር። በሦስት ወር ውስጥም ከመቶው 54 ያህል የነበረው የሟቾች ቍጥር ወደ 29 ወረደ።

ከጦርነቱ በኋላ በቦስተን ሆኖ በአንጎል ዕጢ ላይ ሠራ። ደም የሚያፈሰውን ሥር ለመቆንጠጥ ትናንሽ የብር መቆንጠጫዎችን አስቀድሞ ፈልስፎ ነበር። በ1926 ደግሞ ቦቪ በተባለው ሊቅ መሣሪያ አማካይነት በኤሌክትሪክ ኃይል ደም እያቆመ መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት ከቤይሊ ጋራ ሆኖ የአንጎል ዕጢዎችን በየዓይነታቸው የሚለይ መጽሐፍ አወጣ። የበኵር ልጁ በመኪና አደጋ የሞተውም በዚሁ ዓመት ነው። ኩሺንግ መርዶውን ከሰማ በኋላ፤ በዚያው ቀን የቀጠረውን ኦፕራሲዮን ሳያስተጓጕል ሠራ።

ያወጣውን ዕጢ ሁሉ፤ የሞተበትንም በሽተኛ ታሪክ ጭምር፤ ከሥዕልና ከፎቶግራፍ ጋራ ያስቀምጥ ነበር። ያዳናቸውን ብቻ ቈጥሮ የሞቱበትን ቢደብቅ ኖሮ የሞቱ ምክንያት አይታወቅም ነበር። በ1931 የዕጢዎቹ ቍጥር 2,000 ደረሰ፤ የሟቾቹም ቍጥር ከመቶው ከዐሥር በታች ሆነ። በ1932 የገለጸው በሽታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ኩሺንግ ኦክቶበር 7 ቀን 1939 በልብ ሕመም ሞተ። ሬሳው ሲመረመር በገዛ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ትንሽ እባጭ ተገኘ። የሰበሰባቸው አንጎሎችና ፎቶግራፎች ብዙ ዘመን በምድር ቤት ተረስተው ከቈዩ በኋላ፤ ከ2010 ጀምሮ በየል ለተመልካች ክፍት ሆነዋል።

በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ አገር ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ፤ በ2006 የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። ከዚህ ከቆላው ተነሥቶ በዚያ መንገድ ለመሄድ የሚያስብ ተማሪ፤ ከኩሺንግ አስቀድሞ የሚማረው ቢላዋ መያዝን አይደለም። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እኩል በደብተር ማስፈርን ነው፤ ይህንንም ዛሬ በቤተ ሙከራችን ሊጀምረው ይችላል።