ሃምፍሪ ዴቪ፦ መዳብን ከባሕር ውኃ የታደገው ኬሚስት

ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1778 በእንግሊዝ አገር በፔንዛንስ ከተማ ተወለደ። በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለይቶ በማውጣቱ ስሙ ገነነ።

በ1823 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከቦቹን የታችኛ አካል የሚሸፍነው መዳብ በባሕር ውኃ እየተበላ ስላስቸገረው መፍትሔ ሻተ። ጥያቄው የቀረበለት ሮያል ሶሳይቲ ሲሆን፣ ዴቪ በወቅቱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበር። እርሱም የመበላቱ መንሥኤ ኤሌክትሮኬሚካዊ መሆኑን ተረድቶ፣ ከመዳቡ ጋር ዚንክ ወይም ብረት አገናኘ። እነዚህ ከመዳብ ቀድመው ኤሌክትሮን ስለሚለቁ እነርሱ ተበሉ፤ መዳቡም ተረፈ።

ይሁን እንጂ ያልታሰበ ችግር ተከተለ። ቀድሞ ከመዳቡ የሚሟሟው ጥቂት መጠን የባሕር ፍጥረታትን እየመረዘ ያርቅ ነበር። መሟሟቱ ሲቆም ግን አልጌና ቅርፊት ለባሽ እንስሳት ተጣብቀው የመርከቦቹን ፍጥነት ቀነሱ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው፤ ዴቪም ብርቱ ትችት ደረሰበት። በ1829 በጄኔቫ ዐረፈ።

መርሁ ግን አልሞተም። ዛሬ በባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች የባሕር ውኃ የሚያስተላልፉ የማይዝግ ብረት ቧንቧዎች፣ ክሎራይድ እንዳይበሳቸው በካቶዳዊ ጥበቃ ሊታገዙ ይችላሉ። በውስጣቸው የሚያድገው የረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋንም ዝገቱን ያባብሳል። ከባሕር ርቆ፣ በመቱ አቅራቢያ እንዳለው ሶር ወንዝ ባለ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ላይ ለሚመራመር የኢሉባቦር ተማሪም ትምህርቱ ያው ነው፦ ብረቱን ከውኃው፣ ውኃውንም በውስጡ ከሚኖረው ሕይወት ነጥሎ መመርመር አያዋጣም።