ካህኑ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሞንሲኞር ጆርጅ ለሜትር

በአዲስ ቅዳም ደመና በሌለው የጥቅምት ሌሊት ሰማዩን የተመለከተ ምእመን ያ ሁሉ ብርሃን ከወዴት እንደ መጣ ሳይጠይቅ አይቀርም። ይህን ጥያቄ በሂሳብ መንገድ ከተከታተሉት ሊቃውንት አንዱ ካህን ስለ ነበሩ፣ በተለይ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ታሪካቸውን ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለሜትር በ1894 በቤልጅግ አገር በሻርልሯ ከተማ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ካገለገሉ በኋላ ዘርአ ክህነት ገብተው በ1923 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በካምብሪጅና በአሜሪካ ተምረው በሉቨን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

በ1927 ባሳተሙት ጽሑፍ ጠፈር ራሱ እየሰፋ እንደሚሄድ አስረዱ። ጥቁር አዝሙድ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል ፍሬዎቹ እንደሚራራቁ፣ ጋላክሲዎችም እንዲሁ ይራራቃሉ። አይንስታይን በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ ሲያገኟቸው ስሌቱን ሳይነቅፉ ሐሳቡን አልተቀበሉም። በ1929 ግን የኤድዊን ሃብል ልኬት መራራቁን አረጋገጠ። በ1931 ለሜትር ዓለም እጅግ ከታመቀ ከአንድ ቀዳማዊ አቶም እንደ ጀመረ ጻፉ።

በእኛ አስተያየት ብዙ ያልተነገረላቸው ሌላ ሥራ አለ። አይንስታይን ከቀመራቸው ያወጡትን ቋሚ ቁጥር ለሜትር አልጣሉትም፤ በ1934 የባዶ ጠፈር ጉልበት አድርገው ተረጎሙት። በ1998 የሚፈነዱ ከዋክብትን የተከታተሉ ሁለት ቡድኖች የጠፈሩ መስፋት እየፈጠነ መሆኑን ሲያውቁ፣ ለሚያፈጥነው ነገር ጨለማ ጉልበት የሚል ስም ወጣለት። ምንነቱ ገና አልታወቀም፤ መላ ምቱም ብዙ ነው። መላ ምቶቹን ከሚያበጥሩት ወንፊቶች አንዱ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሳላት የተለቀቀው ጥንታዊ ብርሃን ነው። ፕላንክ የተባለው ሳተላይት እንደ ለካው ጨለማ ጉልበት ዛሬ ከዓለም ጉልበት ሁሉ 68 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ገና በጥንት ብዙ ቢሆን ኖሮ የቁስ አካልን መሰባሰብ በገታ፣ አሻራውም በብርሃኑ ላይ በታየ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጥንታዊ ጨለማ ጉልበት የሚሻ መላ ምት ይወድቃል። በ2024 እና በ2025 የወጡ የጋላክሲ ልኬቶች ጉልበቱ በዘመናት ሊለዋወጥ እንደሚችል ፍንጭ ሰጥተዋል፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር የሳይንሱን ጅማሬ ከእግዚአብሔር የፍጥረት ሥራ ጋር ባቀራረቡ ጊዜ፣ ለሜትር ደስ አላላቸውም። ነገ ሊሻሻል የሚችል መላ ምት የሃይማኖት ማስረጃ እንዲሆን አልፈለጉምና። ታዛዥ ካህን ሆነው ሳለ ስጋታቸውን አልሸሸጉም፤ ቅዱስነታቸውም በ1952 ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ነገሩን አልደገሙትም። ለሜትር ከ1960 ጀምሮ የጳጳሳዊ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ።

ያ ጥንታዊ ብርሃን መገኘቱ በ1965 ይፋ ሆነ። ወሬው ለሜትር ታመው ሳሉ ደረሳቸው፤ በሰኔ ወር 1966 ዐረፉ።