ሁይገንስና ሁለቱ ሰዓቶች

ላባችን ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር 4፡10 ሌላው 4፡16 ሲል፣ እኔ ትዝ የሚለኝ ክርስቲያን ሁይገንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1629 ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ ተወለደ፤ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ፈለሰፈ። ቀጥሎ ያሰበው ለመርከብ ነበር። ትክክለኛ ሰዓት የሌለው መርከበኛ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደ አያውቅማ! አንዱ ቢቆም ሌላው እንዲተካ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ሰቀለ። በ1665 ታሞ ተኝቶ ሲያያቸው ፔንዱለሞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ይወዛወዛሉ። ቢያዛባቸውም በግማሽ ሰዓት ገደማ ተመልሰው ይገጥማሉ። መጀመሪያ የአየሩ ሥራ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን የተሰቀሉበት እንጨት የአንዱን ንቅናቄ ለሌላው እንደሚያደርስ ደረሰበት። የኛ ኮምፒውተሮች እንዲህ ያለ እንጨት የላቸውም፤ በኔትወርኩ ከሰርቨር ሰዓት ካልጠየቁ አይገጥሙም። የባሕሩ ሰዓት ግን ሳይሳካለት በ1695 ሞተ።