ስሙን የተነፈገ ብዕር፦ ዳልተን ትረምቦና የፊልም ደራሲነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1957 በተካሄደው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ «ዘ ብሬቭ ዋን» በተባለው ፊልም በምርጥ ታሪክ ዘርፍ አሸናፊ ሆኖ የተጠራው ሮበርት ሪች ወደ መድረክ አልወጣም። ሽልማቱን ስለ እርሱ የተቀበለው የጸሐፊዎች ማኅበር ተወካይ፣ ሪች ልትወልድ ከተቃረበች ሚስቱ አጠገብ እንደሚገኝ ለታዳሚው ገለጸ። ጋዜጠኞች ሰውየውን ለማግኘት ፍለጋ ሲጀምሩ ግን በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ በዚህ ስም የሚታወቅ ጸሐፊ አልነበረም። ስሙ ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች ዘመድ የተዋሰ ሲሆን፣ ታሪኩን የጻፈው ስሙን በአደባባይ መጥራት በሆሊውድ ከተከለከለ አሥር ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ዳልተን ትረምቦ ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ የትረምቦን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይከታተላል፤ ጥያቄውም ለፊልም ጸሐፊ ስሙ ምኑ ነው የሚለው ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ድርሰቱን ለአሳታሚ ሲሰጥ ባለቤትነቱ እንደ ውሉ በእጁ ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካ የስቱዲዮ አሠራር ግን የፊልም ጸሐፊ ጽሑፉን ከነቅጅ መብቱ ለቀጣሪው አሳልፎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ ቢቀንሰው፣ ሌላ ጸሐፊ ቢከልሰው፣ ተዋናዩ ቢለውጠው የመቃወም ሥልጣን የለውም። የእርሱ ሆኖ የሚቀረው በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሚታየው ስሙ ነው፤ የሚቀጥለው ሥራ ዋጋ የሚተመነውም በዚሁ ስም ነው። ትረምቦን ለዚህ ጥያቄ የመረጥሁት ሥራው ከስሙ ተለይቶ ለረጅም ጊዜ የተሸጠበት ጸሐፊ በመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትረምቦ በ1905 በኮሎራዶ ግዛት ሞንትሮዝ በተባለች ከተማ ተወልዶ በግራንድ ጃንክሽን አደገ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ለከተማው ጋዜጣ ዘገባ ይጽፍ ነበር። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ አቋርጦ በ1925 ወደ ሎስ አንጀለስ የፈለሰውን ቤተሰቡን ተከተለ። በዓመቱ አባቱ ሲሞት እናቱንና ሁለት እኅቶቹን የማስተዳደር ኃላፊነት በእርሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለጊዜው ብሎ በአንድ ትልቅ የዳቦ መጋገሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ቢቀጠርም ከዚያ ለመውጣት ስምንት ዓመት ያህል ፈጀበት። በእነዚህ ዓመታት 88 አጫጭርና 6 ረጃጅም ልብ ወለዶችን ጽፎ አሳታሚ አላገኘላቸውም። በኋላ ዘመን ባልደረቦቹን ያስደነቀው የመጻፍ ፍጥነቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ከሌሊት ሥራ የተረፈችውን ጥቂት ሰዓት በከንቱ ማሳለፍ አይችልም ነበርና።

ወደ ፊልም የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ «አንባቢ» ሆኖ ነው። አንባቢ የሚባለው ለስቱዲዮው የሚቀርቡ ልብ ወለዶችንና ቴአትሮችን አንብቦ ጭምቅ ሐሳባቸውን የሚያዘጋጅ፣ ለፊልም መብቃት አለመብቃታቸውንም የሚገመግም ሠራተኛ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለርካሽ ፊልሞች ጽሑፍ ወደ ማዘጋጀት ተዛወረ። በ1936 ስቱዲዮዎች ጸሐፊዎቻቸው ከፊልም ጸሐፊዎች ማኅበር ወጥተው ለአሠሪዎች ወደሚቀርብ ሌላ ማኅበር እንዲገቡ ሲያስገድዱ ትረምቦ እምቢ በማለቱ ከዋርነር ጋር ተለያየ። የጠቡ አንዱ መንስኤ በፊልም ላይ የማን ስም ይጻፍ የሚለውን ማን ይወስን የሚል ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፕሮዲዩሰሩ የወደደውን ስም ይጨምር፣ ያልወደደውን ይፍቅ ነበር። ማኅበሩ ይህን የመወሰን መብት በእጁ ያስገባው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው።

በ1939 የታተመው «ጆኒ ጎት ሂዝ ገን» የተሰኘው ፀረ ጦርነት ልብ ወለዱ ትረምቦን በሥነ ጽሑፍ ዓለም አሳወቀው። በ1940 የወጣው «ኪቲ ፎይል» ደግሞ ለኦስካር አሳጨው። በጦርነቱ ዘመን ለኤም ጂ ኤም ይጽፍ የነበረ ሲሆን፣ ውሉ በሳምንት 3,000 ዶላር ወይም በአንድ ጽሑፍ 75,000 ዶላር የሚያስገኝለት፣ በዚያን ጊዜ ከሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ ከሚከፈላቸው ጸሐፊዎች ተርታ የሚያሰልፈው ነበር። በ1943 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጸሐፊዎች ማኅበር ያቋቋመው የሙያ መጽሔት የመጀመሪያ አዘጋጅ ተደረገ።

ኢ-አሜሪካዊ ድርጊቶችን የሚመረምረው የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በኦክቶበር 1947 የሆሊውድ ሰዎችን ወደ ዋሽንግተን ሲጠራ ትረምቦም ቀረበ። የቀረቡለት ዋና ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፤ የጸሐፊዎች ማኅበር አባል ነህን? የኮሚኒስት ፓርቲ አባልስ ነህን? የመጀመሪያው ጥያቄ በሕግ የተቋቋመን የሙያ ማኅበር የሚመለከት መሆኑን ልብ ይሏል። ትረምቦ በፊልሞቹ ውስጥ ተገኘ የሚባለው ጥፋት እንዲታይለት የጻፋቸውን የፊልም ጽሑፎች በማስረጃነት ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ ሊቀመንበሩ ፓርኔል ቶማስ ግን ብዛታቸውን ምክንያት አድርጎ አልተቀበለውም። ኮሚቴው በፊልም ጽሑፍ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል የተባለውን ፕሮፓጋንዳ ሲመረምር የፊልም ጽሑፍ ለማንበብ ፈቃደኛ አለመሆኑ፣ ለእኔ ከምርመራው ሁሉ ይበልጥ ገላጭ የሆነ ድርጊት ነው።

ትረምቦና ዘጠኝ ባልደረቦቹ ምክር ቤቱን በመድፈር እንዲከሰሱ በኖቬምበር ተወሰነ። በዚያው ሰሞን የስቱዲዮ ባለቤቶች በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሰብስበው አሥሩን እንደሚያባርሩ፣ ሌሎች ኮሚኒስቶችንም እንደማይቀጥሩ አሳወቁ። ጥቁር መዝገብ የሚባለው ሥርዓት በዚህ ተጀመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ለመስማት ባለመፍቀዱ ትረምቦ በጁን 1950 በኬንታኪ ግዛት አሽላንድ ወደሚገኝ ወኅኒ ወረደና አሥር ወር ያህል ታስሮ ወጣ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበሩ ቶማስም የመንግሥት ገንዘብ በማጭበርበር ተፈርዶበት በዳንበሪ ወኅኒ ከአሥሩ መካከል ሁለቱ በታሰሩበት ቅጥር ውስጥ ነበር።

ለጥናታችን ፍሬ ያለው ዘመን ከዚህ ይጀምራል። በጥቁር መዝገብ የገባ ተዋናይ ወይም ዳይሬክተር ፊቱ ስለሚታወቅ ተደብቆ ሊሠራ አይችልም። ጸሐፊ ግን ይችላል፤ ከእርሱ የሚፈለገው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት መንገድ የሚሠራ ጥቁር ገበያ ተፈጠረ። አንደኛው የብዕር ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስም አበዳሪ ነው፤ በመዝገቡ ያልገባ ጸሐፊ የባልደረባውን ሥራ የራሱ አስመስሎ ይሸጣል፣ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ክፍያውን ተቀብሎ ለባለቤቱ ያስረክባል። «ሮማን ሆሊደይ» የተሸጠው በዚህ መንገድ ነው። ትረምቦ ታሪኩን የጻፈው ከመታሰሩ በፊት ሲሆን፣ ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሀንተር በስሙ ሸጦ 50,000 ዶላር አስገኘለት። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው፣ ኦድሪ ሄፕበርንና ግሪጎሪ ፔክ የተወኑበት ፊልም በ1953 ወጥቶ በዓመቱ ሀንተር በምርጥ ታሪክ ኦስካር ተሸለመ። ሀንተር ጽሑፉን ራሱም ከልሶ ሠርቶበታል፤ ሽልማቱ ግን ያልጻፈውን ታሪክ የሚመለከት ነበር። እርሱም ቢሆን ከመዝገቡ አላመለጠም።

50,000 ዶላር ግን ልዩ ዕድል ነበር። ኪንግ ወንድማማቾች ለተባሉት የርካሽ ፊልም ፕሮዲዩሰሮች ለጻፈው «ገን ክሬዚ» የተከፈለው 3,750 ዶላር ሲሆን፣ በጥቁር ገበያው የመጀመሪያ ዓመታት አማካይ ዋጋው ከዚያም ወርዶ 1,750 ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። በኤም ጂ ኤም ከነበረው ክፍያ ጋር ስናነጻጽረው የአንድ ስም የገበያ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይታያል። ችሎታው ያው፣ እጁም ያው ነበር። የወጣው ስሙ ብቻ ነው።

ትረምቦ የእርሻ ቤቱን ሸጦ በ1951 መጨረሻ ከባለቤቱ ክሊዮና ከሦስት ልጆቹ ጋር ወደ ሜክሲኮ ከተማ ተሰደደ፤ ኑሮው ስላልተሳካ በ1954 ተመለሰ። ከስደቱ ይዞት የመጣው አንድ ሐሳብ ግን ነበር። በሜክሲኮ የበሬ ፍልሚያ በጀግንነት የተፋለመ በሬ አልፎ አልፎ በተመልካቹ ጩኸት ሞት ይማርለታል። «ዘ ብሬቭ ዋን» ያሳደገውን በሬ ከዚህ ሞት ለማትረፍ የሚሯሯጥ የአንድ ድሃ ልጅ ታሪክ ነው። ምሕረት የተደረገለትን በሬ የደራሲው ምሳሌ አድርጎ ማንበብ ያጓጓል፤ ሆኖም ትረምቦ ይህን ታሪክ የጻፈው ከሁሉ በፊት የቤት ወጪውን ለመሸፈን ነበርና አንባቢ ቢጠነቀቅ እመርጣለሁ።

ጥቁር ገበያው የግለሰብ ብልሃት ብቻ አልነበረም። ትረምቦ ከአቅሙ በላይ የመጣለትን ሥራ ለሌሎች የታገዱ ጸሐፊዎች ያካፍል ነበር። ሌሊቱን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊቱ በተጋደመ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያነጋ ነበር። ልጆቹም አባታቸው የጻፈውን ፊልም በስሙ እንዳይጠሩ ተጠንቅቀው አደጉ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከወገን የመጣው ነው፤ ስምን የመወሰን መብት ለማግኘት የታገለው የጸሐፊዎች ማኅበር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፕሮዲዩሰሮች ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ለኮሚቴው መልስ ያልሰጠን ጸሐፊ ስም ከፊልም ላይ መፋቅ እንዲቻል ፈቀደ።

የሮበርት ሪች ሽልማት ትረምቦን ከመከላከል ወደ ማጥቃት አሸጋገረው። ጋዜጠኞች ሪች አንተ ነህን ብለው ሲጠይቁት አዎም አይደለሁምም አላለም። ስለ ሌሎች ፊልሞች ሲጠየቅም፣ ያልጻፋቸውን ጭምር፣ በዚያው አኳኋን እያድበሰበሰ አለፈ። በዚህም የተነሣ ማንኛውም የተደነቀ ፊልም የታገደ ጸሐፊ ሥራ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ተስፋፋ። አካዳሚው ለኮሚቴው መልስ ያልሰጡ ሰዎች እንዳይሸለሙ የሚከለክል ደንብ በ1957 መጀመሪያ አውጥቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» በፊልም ጽሑፍ ሲያሸንፍ፣ ሽልማቱ ጽሑፉን ላልጻፈው ለፈረንሳዊው ልብ ወለድ ደራሲ ለፒየር ቡል ተሰጠ፤ ጽሑፉን ያዘጋጁት የታገዱት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን ነበሩ። አካዳሚው መሳቂያ ከመሆን ለመዳን በጃንዋሪ 1959 ደንቡን ሰረዘ፤ ትረምቦም በዚያው ወር ሮበርት ሪች እርሱ መሆኑን በይፋ ተናገረ።

ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንገር የ«ኤክሶደስ» ጸሐፊ ትረምቦ መሆኑን በጃንዋሪ 1960 አሳወቀ። ሳም ጃክሰን በሚል የብዕር ስም የጻፈው «ስፓርታከስ» ከእርሱ ቀድሞ በኦክቶበር በስሙ ለእይታ በቃ። መዝገቡን የሰበርሁት እኔ ነኝ የሚለው የከርክ ዳግላስ ትረካ ሰፊ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ የማስታወቂያዎቹ ቀን ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም፤ የትረምቦ ቤተሰብም ተቃውሞታል። ሁለቱ ሰዎች ከመወሰናቸው በፊት ደግሞ ደራሲው ራሱ ክልከላውን መሳለቂያ አድርጎት እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ትረምቦን ያለ እንከን ጀግና አድርጎ ማቅረብ ግን ከሕይወቱ ጋር አይስማማም። በጦርነቱ ወቅት ለናዚዎች ያዘኑ ሰዎች «ጆኒ ጎት ሂዝ ገን»ን እያደነቁ ደብዳቤ ሲጽፉለት፣ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሠራተኞችን ወደ ቤቱ ጋብዞ ደብዳቤዎቹን አሳይቷቸዋል። ቢሮው ይበልጥ የሚከታተለው ራሱን ትረምቦን መሆኑን የተረዳው በኋላ ነው፤ ድርጊቱንም ተጸጽቶበታል። የሰው ስም ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት ምን እንደሆነ ከሁለቱም ወገን ያወቀ ሰው ነበር ማለት ነው። ምናልባት በ1970 ከጸሐፊዎች ማኅበር የክብር ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ በዚያ ዘመን ሁሉም በየፊናው ተጎጂ ስለ ነበር ጀግናና ወንጀለኛ መፈለግ ከንቱ ነው ወደሚል ሐሳብ ያዘነበለው ስለዚህ ይሆናል። ከአሥሩ አንዱ የነበረው አልበርት ማልትዝ በዚህ ንግግር እጅግ ተቆጣ፤ የባልደረባውን ስም የጠራና አልጠራም ብሎ የታሰረ እንዴት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ ሲል ተከራከረ። የማልትዝ ክርክር ለእኔ የበለጠ ይመዝናል፤ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት የዘለቀውን ጠብ ለማብረድ የቻለው ግን የትረምቦ አነጋገር ነው።

ትረምቦ በ1971 የራሱን ልብ ወለድ በዳይሬክተርነት ወደ ፊልም መለሰ። በአማርኛ አንባቢ ዘንድ «ፓፒዮ» በሚል የሚታወቀውን መጽሐፍ ለፊልም ካዘጋጁት ጸሐፊዎች አንዱም እርሱ ነው። የዚያ ፊልም ሥራ ሳያልቅ በ1973 በካንሰር ምክንያት አንድ ሳንባው ወጣለት። አካዳሚው የሮበርት ሪችን ሐውልት በ1975 አስረከበው፤ በሴፕቴምበር 1976 በ70 ዓመቱ ዐረፈ።

የ«ሮማን ሆሊደይ»ን ሽልማት በ1993 የተቀበለችው ክሊዮ ናት። በፊልሙ ላይ ግን የትረምቦ ስም አሁንም አልተጻፈም ነበር። ልጁ ክሪስቶፈር ትረምቦና የስም አበዳሪው ልጅ ቲም ሀንተር በአንድነት ለጸሐፊዎች ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ። ማኅበሩ ታሪኩ የትረምቦ፣ የፊልም ጽሑፉም የትረምቦ፣ የሀንተርና የጆን ዳይተን ነው ብሎ የወሰነው በዲሴምበር 2011 ነው። ክሪስቶፈር በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሞቶ ስለ ነበር ውሳኔውን አልሰማም።