የገጠር ደብር ካህንና የሒሳብ ሊቅ፤ ቄስ አልፍሬድ ያንግ

ቄስ አልፍሬድ ያንግ በእንግሊዝ አገር በላንካሽር አውራጃ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ተወለዱ። በካምብሪጅ ከተማ በክሌር ኮሌጅ ሒሳብ ተምረው፥ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በሰልዊን ኮሌጅ አስተማሩ። በ1908 ዓ.ም. በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ በ1910 ዓ.ም. በኤሴክስ አውራጃ ብርድብሩክ ለምትባል ትንሽ መንደር የደብር አስተዳዳሪ ሆኑ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ሠላሳ ዓመት በዚያ አገለገሉ።

የደከሙበት ነገር ይህ ነው። ከቤይሩት ወደ ሐሪሳ የሚወጡ ሦስት ተሳላሚዎች በአንድ ወንበር ቢቀመጡ፥ ቦታ እየተለዋወጡ በ6 መልክ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አራት ቢሆኑ በ24 መልክ ነው። አንዱ ልውውጥ በሌላው ላይ ሲደረግ የሚገኘውም ከእነዚሁ አንዱ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት በአንድነት ቡድን ይሏቸዋል። ቡድኑን በማትሪክስ መግለጽ ውክልና ይባላል። ከዚህ በላይ የማይከፈሉት መሠረታውያን ውክልናዎች ስንት ናቸው? ስፋታቸውስ ምን ያህል ነው?

ቄስ ያንግ መልሱን በትናንሽ ሣጥኖች አሳዩ። ሣጥኖቹ በግራ ተስተካክለው በረድፍ ይደረደራሉ፤ የታችኛው ረድፍ ከላይኛው አይበልጥም፤ ቍጥሮችም ወደ ቀኝና ወደ ታች እያደጉ ይጻፉባቸዋል። ሦስት ሣጥኖች ሦስት ቅርጽ አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ፥ ሁለት ከላይ አንድ ከታች፥ ሁሉም ወደ ታች። እያንዳንዱ ቅርጽ ለአንድ መሠረታዊ ውክልና ይቆማል፤ የአጻጻፉ መንገዶች ብዛትም የውክልናው ስፋት ነው። መንገዶቹ 1፥ 2፥ 1 ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 6 ይሆናል። ለአራት ሣጥኖች 1፥ 3፥ 2፥ 3፥ 1 ናቸው፤ በዚሁ ስሌት 24 ይወጣል።

የዚህ ጥናት ሁለት ክፍሎች በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ታተሙ፤ ጀርመናዊው ፍሮቤኒየስም በ1903 ዓ.ም. ተጠቀመባቸው። ሦስተኛው ክፍል ግን እስከ 1928 ዓ.ም. አልወጣም። በመካከሉ ቄስ ያንግ ደብራቸውን እያገለገሉ፥ የፍሮቤኒየስንና የሹርን የጀርመንኛ ጽሑፎች መረመሩ። በ1934 ዓ.ም. የሎንዶን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ተደረጉ፤ በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ። ሣጥኖቻቸው ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ፤ የኤሌክትሮኖችን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይሠሩባቸዋል።

ባሕረ ሐሳብ የምትማር ወንድሜ ሆይ፥ ቍጥርና ክህነት በአንድ ሰው ልብ ያለ ጠብ ማደራቸውን ከዚህ ካህን ሕይወት ተመልከት። የሩቅ ደብር ቢደርስህም መጽሐፍህን አትክደን።